ያጠብኩት ፊት

በክፍላችን ቅጽል ስም ያልወጣለት ተማሪ አልነበረም፤ የእኔ «ላውንደሪ» ነበር። ላፍቶ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ዲጂታል ዲዛይን የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስሙ የወጣልኝ ልብስ ስለማጥብ ሳይሆን ፊት ስለማጥብ ነው። ብጉር፣ ጠባሳ፣ ማድያት፣ ከዓይን ሥር የተኛ ጥቁረት፣ ምንም ይሁን ምን በግማሽ ሰዓት ሙልጭ አድርጌ አጥቤ፣ ተኩሼ እመልሰዋለሁ። ልደት ሲደርስ፣ ምርቃት ሲቃረብ፣ ወንዱም ሴቱም ስልኩን ይዞ እኔ ወንበር ጋ ይሰለፋል። በአንድ ማኪያቶ የማላነጣው ሰው አልነበረም።

ጎበዝ ነበርኩ፤ ጎበዝ መሆኔንም ከማንም በፊት የማውቀው እኔው ነበርኩ። መምህራችን ስለ ቀለምና ስለ ፊደል አጣጣል ሲያስረዱ እኔ ከኋላ ተቀምጬ የሰው አፍንጫ አስተካክላለሁ። ሳሮን እባላለሁ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናትና አባቴ ጋር ነው። ወላጆቼ ከሆሳዕና የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ ቤተ ዘመዳችንም ቸርቻችንም በዚያው ወገን ስለሆነ ከዚያ ውጪ ስላለው ሰው ብዙ ጠይቄ አላውቅም። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፤ ባትሪው ስለሞተ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም።

ብርቱካን የክፍል ጓደኛዬ ናት። ከሁላችንም ሦስት አራት ዓመት ትበልጣለች፤ ዝምተኛ ናት። ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። የራሷ ኮምፒውተር ስለሌላት የቡድን ሥራ ሲሰጠን ከእኔ ጋር ትሆናለች፤ እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። አልፎ አልፎ «ሳሪ፣ ይሄ አልበዛም?» ትለኛለች። አልሰማትም።

አንድ ረቡዕ ብርቱካን ክፍል ሳትመጣ ቀረች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ቤት ገብቼ ምሳ ስበላ ደወለች።

«ሳሪ፣ እማዬ ሌሊት አረፈች።»

ከእናቷ ጋር እንደምትኖር እንኳ አላውቅም ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት።

«ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ዘመድ ከጎጃም እስኪደርስ ነው ያቆየነው። አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር። ፎቶ የላትም።»

«እንዴት የላትም?»

«መነሳት አትወድም። ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ብቻ ነው። በስልኬ አንስቼ ልላክልሽ። ድንኳን ውስጥ የሚቆም፣ በኋላም ቤት የሚሰቀል፣ አንድ ትልቅ አድርገሽ ሥሪልኝ። ስፌት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ራሴ ልሞክረው ነበር፤ ፊቷ ሲተልቅ እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«ለእኔ ተዪው» አልኳት። በሰው ኀዘን መሃል ትንሽ ኩራት ተሰማኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ልደብቅ ብል ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ፎቶው በቴሌግራም መጣ። የክብሪት ቀፎ የማትሞላ፣ ቀለሟ የገረጣ ፎቶ ናት። ነጠላ ያጣፉ፣ ቀጥ ብለው ካሜራውን የሚያዩ ሴት ይታያሉ። የቀበሌው ማህተም ከትከሻቸው ተነስቶ ግማሽ አንገታቸው ላይ አርፏል። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ከማህተሙ ክብ ውጪም አንገታቸው ዙሪያና አገጫቸው ሥር ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር ተበትኗል። ማህተሙን ሲመቱት ቀለሙ በዝቶ ወረቀቱ ላይ የፈሰሰ፣ በእርጥበትም የተስፋፋ መሰለኝ። ግንባራቸው ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጭረት አለች፤ መታወቂያ ኪስ ውስጥ ሲኖር እንደሚፋቀው ያለች።

ሥራዬን ጀመርኩ። በመጀመሪያ ማህተሙን አነሳሁ። ከዚያ የፈሰሰውን «ቀለም» ከአንገታቸው ላይ ጠብታ በጠብታ ለቅሜ አጠፋሁ። የግንባራቸውን ጭረት በአንድ ንክኪ አስወገድኩ። ይህን ከጨረስኩ በኋላ እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ከዓይናቸው ጥግ ያለውን መጨማደድ አለዘብኩ፣ ጉንጫቸውን አቀላሁ፣ ቆዳቸውን አበራሁ። አራት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ሰው ሳይሆን መልአክ እያጠብኩ ነበር የመሰለኝ።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ አየች። «ማናት?»

«የጓደኛዬ እናት ናቸው። ዛሬ ሌሊት ነው ያረፉት።»

«ነፍስ ይማር። ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ስልሳ ምናምን ይሆናሉ።»

«ይቺማ አርባም አይሞላት» አለችና ወደ ኩሽና ተመለሰች። እኔ ሙገሳ መሰለኝ። ሳይመሽ ጀሞ ወደምትገኘው ወደ ሄለን ህትመት ቤት ሄጄ አሳተምኩት፣ ጥሩ ፍሬም ውስጥም አስገባሁት።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለቡ መብራት ኃይል ደረስኩ። ድንኳኑ ከብርቱካን ቤት በር ላይ ተተክሏል፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ብርቱካን ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ጠብቦ፣ ከውስጥ ሴቶች ደግፈዋት ወጣች። አቅፌያት አለቀስኩ። ከዚያ ጋዜጣውን ፈትቼ ፎቶውን በተዘጋጀለት ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ሁለት ሴቶች «እሰይ፣ እንዴት ያምራል» አሉ። እንዲህ እንደሚባል ጠብቄ ስለነበር አንገቴን ደፋሁ።

ከሴቶቹ መካከል ፊት ለፊት የተቀመጡት የሟች ታላቅ እህት፣ እማማ ያልጋነሽ ናቸው። የሚኖሩት ፉሪ ሰፈር ልጃቸው ጋ ነው፤ ሌሊቱን እዚያው ድንኳን ውስጥ አድረዋል። ብድግ ብለው ወደ ፎቶው ተጠጉ። ሊያለቅሱ መሰለን። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ማናት?» አሉ።

«እትዬ ያልጋነሽ፣ ስንዱ ናት እኮ» አለቻቸው አጠገባቸው የነበረች ጎረቤት፣ ኀዘኑ አእምሯቸውን የነካው መስሏት።

«ስንዱን እኔ ላጣት? አዝዬ ያሳደግኋትን? ይቺ የከተማ ሴት ናት። የማን ለቅሶ ላይ ነው ያስቀመጣችሁኝ?»

ብርቱካን መጥታ ፎቶው ፊት ቆመች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሳሪ፣ ንቅሳቷስ?»

«የቱ ንቅሳት?» አልኳት።

ይህን ስል በጆሮዬ የሰማሁት የራሴ ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ንቅሳት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶች በየቀኑ አያለሁ። ግን ማየት ብቻ ነው፤ አንድም ቀን ቆሜ ተመልክቼው አላውቅም። ስለዚህ በአንዲት ደብዛዛ ፎቶ ላይ ከማህተም ቀለም ጋር ሲገናኝ እድፍ መሰለኝ፤ የሰው አንገት ላይ በመርፌ የተጻፈውን፣ ግንባር ላይ ያለውንም መስቀል እድፍ ብዬ አጠብኩት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የእድሩ ዳኛ ነገሩ ገብቷቸው ጠጋ አሉ። «ተዉት፣ ልጅቷን አታስጨንቋት። ያለ ፎቶ እንሸኛቸዋለን። ድሮስ ማን ፎቶ ነበረው?»

«ሽኝቱ አይደለም ያስጨነቀኝ» አለች ብርቱካን። «ይሄ ሁሉ ሰው ነገ ይሄዳል። ከነገ ወዲያ እኔ ምኗን ነው የማየው?»

አንዲት ሴት ፎቶውን አንስታ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረችው።

ሬሳው የሚወጣው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ብርቱካንን ወደ ውስጥ አስገብቼ አልጋ ላይ አስቀመጥኳትና «እመልሰዋለሁ» አልኳት። ስልኬን አውጥቼ የመጀመሪያውን የመታወቂያ ፎቶ አሰፋሁት። ሲሰፋ ጉዱ ታየኝ። ማህተሙ ያረፈበት ላይ የማህተሙ መስመር የቱ፣ የንቅሳቱ መስመር የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉም አንድ ሰማያዊ ጭጋግ ነው። መገመት እችላለሁ። ትናንት የገመትኩት ግን ከበቂ በላይ ነበር።

«ብርቱኬ፣ አንገታቸው ላይ ስንት መስመር ነበር?»

«ሦስት...» ብላ ጀመረች። «አራት ነው መሰለኝ። መሃል መሃሉ ላይ ነጠብጣብ አለው። አገጯ ሥር ደግሞ...» ዓይኗን ጨፈነች። ጨፍናም አልመጣላትም። «ሳሪ፣ አላውቀውም። ዕድሜዬን ሙሉ አየሁት እንጂ ቆጥሬው አላውቅም።»

እንዲህ ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ካለቀሰችው የተለየ ነበር። ድምፅ አልነበረውም። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

«አዲስ አበባ ሳመጣት ሻርፕ ገዛሁላት» አለች። «ብርድ ነው ብዬ። ብርድ ግን አልነበረም። ኮሌጅ ስመዘገብ አብራኝ ስትመጣ ልጆቹ አንገቷን ሲያዩ አየሁ፤ አፈርኩ። ገብቷታል። ከዚያ ወዲህ ሻርፑን ሳታደርግ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ፎቶም ላነሳት ስል በእጇ አንገቷን ትሸፍናለች። አንቺማ ምን አጠፋሽ? የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። በአንድ ከሰዓት የሠራሁት ሥራ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተበታትኖ ወደቀ፤ የእኔም ኩራት አብሮት። በሩ ላይ እማማ ያልጋነሽ ቆመው እንደነበር ያወቅነው ሲናገሩ ነው።

«እኔን ጠይቁኝ እንጂ ምን ታለቅሳላችሁ?»

ገብተው ከፊቴ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ጥቁር ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው አወረዱትና አገጫቸውን ቀና አደረጉ። አንገታቸው ላይ አረንጓዴው መስመር፣ ነጠብጣቡ፣ አገጫቸው ሥር እንደ ስንዴ ዛላ የወጣው፣ ግንባራቸው ላይ ያለው መስቀል፣ ሁሉም ዕድሜ አደብዝዞት ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አንድ ቀን ነው የተነቀስነው። አንዲት ሴት ናት የነቀሰችን። የፋሲካ ሰሞን ነው።»

ስልኬን አንስቼ አንገታቸው ላይ አነጣጠርኩ። ይሄማ ቀላል ነው፤ አንስቼ፣ ቆርጬ፣ እለጥፈዋለሁ። እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን በቀስታ ወደ ታች አወረዱት።

«ምን ልታደርጊ ነው የኔ ልጅ?»

«ያንቺን... የእርስዎን አንስቼ እሳቸው ላይ ላደርገው ነው።»

«ከቆመ ሰው ገላ ቆርጠሽ ለሞተ ትሰጫለሽ? አይሆንም። እኔም ተራዬ ሳይደርስ አትስደጂኝ። አይተሽ ጻፊው።»

ብርቱካን ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ ከእስክርቢቶ ጋር ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ እስክርቢቶ ይዤ የሰው አካል ከሣልኩ ስንት ጊዜዬ። የመጀመሪያውን ወረቀት አበላሸሁ፤ ሁለተኛውንም። እጄ የለመደው ማጥፋትን እንጂ መሣልን አልነበረም። እማማ ያልጋነሽ አገጫቸውን ቀና እንዳደረጉ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠዋል፤ እንባቸው ጠብ ሲል ብቻ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። እኔ እቆጥራለሁ፤ እሳቸው ያርሙኛል።

«ሦስት መስመር ነው» አልኩ።

«የእኔ ሦስት ነው። የእሷ ሁለት ተኩል ነው።»

ሁለታችንም አየናቸው።

«ነቃሿ ሁለተኛውን እስክትጨርስ ድረስ ስንዱ ችላ ነበር። እኔ እጇን ይዣት። ሦስተኛው ላይ ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ጀምራ መሃል አንገቷ ስትደርስ መርፌው አንገሸገሻትና እጄን ነክሳኝ ሮጠች። ማሽላው ውስጥ ገብታ እስኪመሽ ተደበቀች። ከዚያ በኋላ ማን ይዟት? እንደተቋረጠ ቀረ። ስታድግ 'ለምን አልተጨረሰም?' ሲሏት 'እንዲህ ነው ያስነቀስኩት' ትላለች።»

ብርቱካን ሳቀች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ መጀመሪያዋ ይመስለኛል። «እኔ ያረጀ መስሎኝ ነበር» አለች። «የጠፋ መስሎኝ።»

የሣልኩትን ሳሳያቸው እማማ ያልጋነሽ ወረቀቱን አራቅ አድርገው አዩትና «አሁን ሂጂ» አሉኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ፍሬሙን ይዤ ወጣሁ፤ የጀሞ ታክሲ ሰልፉ እባብ ሆኗል፤ ተለማምጬ፣ ለምኜ፣ «ለቅሶ ነው» ብዬ ቀድሜ ገባሁ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ሮጬ ላፕቶፑን ብሰካ መብራት የለም። ተመልሼ ወርጄ ወደ ሄለን ህትመት ቤት በረርኩ። ጄኔሬተሩ በር ላይ ይጮኻል፤ ያን ድምፅ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሄለን ከኮምፒውተሯ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። የትናንቱን ሥራ አልከፈትኩትም፤ ከመታወቂያው ፎቶ እንደገና ጀመርኩ። የሣልኩትን ወረቀት ስክሪኑ ጎን ለጠፍኩና ማህተሙን ማንሳት ጀመርኩ። አሁን ምን እንደምፈልግ ስለማውቅ ጭጋጉ ውስጥ መለየት ቻልኩ። ይሄ የማህተሙ ክብ ነው፣ ይሄ የመጀመሪያው መስመር ነው፣ ይሄ ነጠብጣብ ነው። ከቀኝ ጆሯቸው ሥር ጀምሬ ሦስተኛውን መስመር ተከተልኩ። መሃል አንገታቸው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከማህተሙ ሥር እዚያው ነበር። ትናንት ከሁሉ ቀድሜ ያጠፋሁትም እሱን ነበር። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

የዓይናቸውን ጥግ አልነካሁም። ጉንጫቸውን አልነካሁም። በማህተሙ ምክንያት የጠፋውን ብቻ ከወረቀቱ እያየሁ መለስኩ።

«ሳይታጠብ ነው የሚታተመው?» አለችኝ ሄለን፤ ታውቀኛለች።

«ሳይታጠብ» አልኳት።

ፎቶው ከማተሚያው ሲወጣ አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ባጃጅ ይዤ የፍሬሙን ፎቶ እዚያው ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ ቀየርኩ፤ የድሮውን ከኋላው አስቀረሁት፣ ጊዜ ስላልነበረኝ። መንገዱ ተዘግቶ መጨረሻውን በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ ወንዶቹ ሳጥኑን ከቤት አውጥተው ትከሻቸው ላይ ሊያደርጉት ነው፤ ለቅሶው ቀልጧል። ማለፊያ አጣሁ። «እባካችሁ» እያልኩ ፍሬሙን ከጭንቅላቴ በላይ ያዝኩት። ብርቱካን አየችኝ።

ፎቶውን ተቀብላ ለአክስቷ አዞረችላቸው። እማማ ያልጋነሽ ከሁሉ አስቀድመው ያዩት የእህታቸውን ቀኝ አንገት ነው። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ሦስተኛውን መስመር እስከሚቆምበት ድረስ ተከተሉት። ከዚያ ነው ድምፃቸው የወጣው።

«ስንድዬ፣ አንቺ ፈሪ፣ አሁንስ እጄን ሳትነክሺ የት ትሮጫለሽ?»

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ አነባ። እኔ ሴትየዋን በሕይወት አይቻቸው አላውቅም፤ ግን ለማላውቀው ሰው ያለቀስኩ አልመሰለኝም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ እኔን ታዝባችሁኛል። ታዘቡኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የእናታችሁን ፊት አሁን፣ ሳታዩ፣ መናገር ትችላላችሁ? ማርያም የሳመቻት የቱ ጋ ነው? ጠባሳዋ ከየት መጣ? እኔ የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ እናቴን ቁጭ አድርጌ አገጯ ላይ ስላለችው ምልክት ጠየቅኋት። ሆሳዕና እያለች ከበቅሎ ወድቃ ነው። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ዛሬም ፎቶ እሠራለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ብጉር ካላችሁ አጥባለሁ፤ ብጉር ይመጣል፣ ይሄዳል። ግን ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት «የማልነካው የቱ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ አስቦ የሚነግረኝ ነገር ግን ማንም መምህር ያላስተማረኝ ነው። በፊት የሰው ፊት ላይ ስህተት ፈልጌ ነበር የምጀምረው።

ብርቱካን ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ክፍል ተመለሰች። ሻይ ስንጠጣ ያስጨነቀኝን ጠየቅኋት። ያ የመጀመሪያው ፎቶ ከፍሬሙ ጀርባ ቀርቶ ነበር፤ ልቀበላትና ልቀድደው ፈለግሁ።

«አልሰጥሽም» አለችኝ። «ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሻርፑን የገዛሁላት ቀን እንዲህ ሆና እንድትታይልኝ ነበር የፈለግሁት። አንቺ የተመኘሁትን ሠርተሽ አሳየሽኝ። አንዳንድ ቀን አውጥቼ አያታለሁ።»

«እና?»

«አታውቀኝም» አለች ብርቱካን። ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ወደ ክፍል ገባን።